አረጋዊን በሕይወቱ ሳለ ስለ መጠየቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ስለ አረጋውያን ነው። ሽማግሌን ማክበር ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫ መነሣትን፣ እጅ ማስታጠብን፣ ሕፃን ሁሉ ከእናቱ ቤት ተምሮት ያድጋል። ነገር ግን ማክበር ሌላ ነው፤ መጠየቅና መርዳትም ሌላ ነው። በመንገድ ጎንበስ ብለን እጅ የነሣናቸው አባት ማታ ምን እንደ በሉ ሳናውቅ የምናድር ብዙዎች ነን።

ሰው የሞተ እንደ ሆነ የመንደራችን ሥርዓት ያማረ ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሥራውን ትቶ የማይመጣ የለም። ድንኳን ይተከላል፤ እንጀራና ወጥ ከየቤቱ ይመጣል፤ ኀዘንተኛውም ለብቻው አይተውም። ይህ መልካም ልማድ ነውና ሊጠፋ አይገባውም። ግን እስቲ እናስተውል። ለቀብሩ የተሰበሰበው ሕዝብ፣ ሟቹ ታሞ በተኛበት በዚያ ረዥም ክረምት ወዴት ነበረ? በሞተ ጊዜ ድንኳን የተከልንለት ሽማግሌ፣ በሕይወቱ ሳለ የቤቱ ክዳን ሲያፈስስ ማን ጠገነለት? እንግዲህ የንግግሬ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዕድራችን ለሞት የሚያደርገውን ለሕይወት ደግሞ ያድርግ።

ቀድሞ አረጋዊ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ መካከል ይኖር ነበር። ዛሬ ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ዓረብ አገር ተሻግረው ከዚያ ገንዘብ ይልካሉ። የላኩት ገንዘብ እህል ይገዛል፤ ነገር ግን ከምንጭ ውሃ አይቀዳም፤ ሌሊት ሲያስላቸውም «አይዞዎት» አይላቸውም። ብቸኝነት ደግሞ የልብ ኀዘን ብቻ አይደለም። ለልብ በሽታና ለመርሳት ሕመም የሚያጋልጥ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ።

ከዚህም ሌላ አረጋዊ ችግሩን ገልጦ አይናገርም። «እንዴት ዋሉ» ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል፤ ሲያበላ ለኖረ ሰው መለመን ከረኃብ ይልቅ ይከብደዋልና። ስለዚህ መልሱን ሰምቶ ማለፍ አይበቃም፤ ምልክቱን ማየት ይገባል። ጧት ከቤቱ ጭስ ያልወጣ እንደ ሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የቀረ እንደ ሆነ፣ ልብሱም ሳይታጠብ የሰነበተ እንደ ሆነ፣ ሳይጠሩን በሩን እናንኳኳ።

የታመመውንም «እርጅና ነው» ብሎ መተው ትልቅ ጥፋት ነው። ከእርጅና ጋራ የሚመጣ ሕመም ሁሉ መድኃኒት የሌለው አይደለም። የዓይን ሞራ ያወረው ሰው፣ ሐኪም ሞራውን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲያገባለት ብዙ ጊዜ መልሶ ያያል። የዓይን ማዝ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ የቀለበሰበትም ሰው በጊዜው ቀዶ ሕክምና ቢያገኝ ዓይኑን ከመታወር ሊያተርፍ ይችላል። የደም ግፊት ያለበት፣ ሕመም ባይሰማውም፣ መድኃኒቱን ሐኪም እንዳዘዘው ዕለት ዕለት መውሰድ አለበት። «ተሽሎኛል» ብሎ ያቋረጠ እንደ ሆነ ድንገት ግማሽ አካሉ ሊሽመደመድ ይችላል። መንገድ የጠፋበትንና የልጁን ስም የረሳውንም «ጃጀ» ብሎ መሣቅ ነውር ነው፤ የአንጎል ሕመም ነውና በትዕግሥት ሊያዝና ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በመንግሥት በኩል የተዘጋጀ ርዳታም አለ። በ1990ዎቹ ዓመታት በተጀመረው ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራም በደረሰባቸው ወረዳዎች ጧሪ የሌላቸውና ጉልበት ያነሳቸው አረጋውያን የጉልበት ሥራ ሳይጠየቁ እንዲረዱ ደንብ ወጥቶለታል። ነገር ግን ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ ይህን በምን ያውቃል? ማመልከቻውንስ ማን ይጽፍለታል? ፊደል የምናውቅ እኛ አይደለንምን?

ስለዚህ አራት ነገር እንድናደርግ አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ አስተማሪው ከዕድሩ ዳኛ ጋራ ሆኖ በመንደሩ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን በመዝገብ ይጻፍ። የልጆቻቸውን አድራሻና የሚወስዱትንም መድኃኒት አብሮ ይመዝግብ።

ሁለተኛ፤ ዕድሩ ተራ ያውጣ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ቤተ ሰብ አንድ አረጋዊ ይጠይቅ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ የሚጠብቁት ሰው መኖሩ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነውና።

ሦስተኛ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ውሃ ይቅዱላቸው፤ እንጨት ይፍለጡላቸው፤ በጨለማ እንዳይወድቁም ደጃፉን ያስተካክሉላቸው። ከልጆቻቸው የመጣ መልእክት ቢኖር ያንብቡላቸው፤ መልሱንም ይጻፉላቸው። ይህ ግን የትምህርት ሰዓታቸውን እንዳይነካ አስተማሪው ይጠብቅ።

አራተኛ፤ አረጋውያኑን ተቀባይ ብቻ አናድርጋቸው። ሰውን ከሕመም ይልቅ የሚሰብረው «ከእንግዲህ አልፈለግም» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ እየጠራን የመንደሩን ታሪክ፣ የዘር ምርጫን፣ የፈትልን ሥራ፣ የተጣላ ማስታረቅን ለልጆቹ እንዲያስተምሩ እናድርግ። መሄድ የማይችሉትን ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ይስሟቸው። ያን ጊዜ ውሃ የቀዳ ልጅ ምክር ይዞ ይመለሳል፤ የተረዱትም አባት መምህር እንጂ ለማኝ አይባሉም።

የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1983 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት መስከረም 21 ቀን በዓለም ሁሉ የአረጋውያን መታሰቢያ ነው። ቀኑ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወር ነውና መዝገቡን በየዓመቱ በዚያ ቀን ብናድሰው መልካም ነው። የመጀመሪያውን መዝገብ ለመጻፍ ግን መስከረምን አንጠብቅ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ፣ ለአንድ ቤት የከበደው ጧሪነት ለመንደር ቀላል ነው። ዛሬ ተራውን የምናወጣው ለሌላ ሰው አይምሰለን። ዕድሜ ከሰጠን ያ ተራ ወደ እኛም ደጅ ይደርሳል።