የቆየ ሁሉ በሳል አይደለም
(ተፍኪ ላይ ለአባል ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ቅቤ ገበያ ስንወጣ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብለን በዕድሜ እንለያለን። ቻይናውያንም ሻይን እንዲሁ በዕድሜ ይለያሉ። በዩናን ክፍለ ሀገር የሚዘጋጀው ፑኤር የተባለው ሻይ በእንፋሎት ለስልሶ እንደ ቂጣ ክብ ሆኖ ይጨመቃል። ጥሬው ለዓመታት ሲቀመጥ ምሬቱ እየለዘበ ይሄዳል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ቅጠሉን ከምረው፣ ውኃ አርከፍክፈው በሳምንታት ውስጥ ያብላሉታል። ስለዚህ አዋቂ ገዢ ዕድሜውን ብቻ አይጠይቅም፤ «ጥሬ ነው ወይስ የተብላላ? የት ተቀመጠ?» ይላል። ሻዩ እርጥበት ከበዛበት ይሻግታል፤ የጎረቤቱንም ሽታ ይስባል።

ቅቤያችንም ከዚህ አይለይም። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ አሬራው በደንብ ታጥቦ ካልተወገደ፣ ሲቆይ ይበላሻል እንጂ አይበስልም። ናፍጣ ወይም ሽንኩርት አጠገብ ከተቀመጠ ያንኑ ይሸታል። ስለዚህ፦
1ኛ/ ዕቃው ንጹሕና ክዳን ያለው ይሁን፤
2ኛ/ ለጋውና በሳሉ በአንድ ዕቃ አይቀላቀል፤
3ኛ/ የተናጠበት ቀን ለገዢ ይነገር።

ከተፍኪ በጅማ መንገድ አዲስ አበባ የሚገባ አንድ ቅል ቅቤ ባዕድ ነገር ከተገኘበት፣ ገዢው የሚጠረጥረው ሻጩን ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ቅቤ ነው። ዕድሜን ደብቆ የሚገኝ ትርፍ የአንድ ገበያ ቀን ነው፤ የታመነ ስም ግን ለልጆቻችንም ይተርፋል።