ስለ «አፕት» ጥቅም በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል የተነገረ ንግግር



የመተማ ጉምሩክ ጭነትን ከነሰነዱ እንደሚመረምር፥ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባ ፕሮግራምም መርማሪ ያሻዋል። ደቢያን የተባለው ሥርዓት ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የያዘው «አፕት» ዛሬ ይህን ይፈጽማል፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ስንሰጠው የማከማቻውን ማኅተም አይቶ፥ ፕሮግራሙን ከነአጋዦቹ አምጥቶ ይጭናል።

ለእኛ ግን ሌላ ጥቅም አለው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። «አፕት»ን «አውርድ ብቻ» ብለን ብናዘው፥ ጥቅሎቹን በጎተራው ያኖርልናል፤ እነርሱንም በፍላሽ ገልብጠን ሥርዓቱ ተመሳሳይ ለሆነ፥ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒዩተር እናደርሳለን።

ገበሬ በመኸር የከተተውን በክረምት እንደሚመገብ ሁሉ፥ እኛም መስመሩ ሳለ እናከማች።