ከፍሎፒ በኩል የወጣው እንግዳ
ከሃይፋ ነን። «ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ ኮድ ሰብሮ ይወጣል ወይ?» ብላችሁ ነበር። ይወጣል! በ2015 ቬኖም የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ኪዩኢሙ ውስጥ፣ የፍሎፒ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። (ፍሎፒ! ስንቶቻችሁ አይታችሁታል?) እዚሁ አገር የተጀመረው ኬቪኤምም በኪዩኢሙ ስለሚጠቀም ነገሩ እኛንም ይነካል።

ባፈሩ የሚይዘው 512 ባይት ነው። አንዳንድ ትእዛዞች ግን ቆጣሪውን ወደ ዜሮ አይመልሱትም፤ እንግዳው ማሽን መጻፉን ከቀጠለ፣ ከስኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ እንደሚፈስ ቡና፣ የአስተናጋጁን ሜሞሪ ያበላሻል። ስህተቱ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነበር።

ማስተካከያው? ቆጣሪውን ለ512 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ። በቃ፣ ከባፈሩ አይወጣም፤ ፍጥነቱም ያው ነው። ቴክኒዮን ያላችሁ ልጆች፣ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ገብታችሁ እዩትና ሳምንት እናውራበት።