የልጁ ድርሻ ከገበያው በፊት



በመስመር ዘርታችሁ፣ ኮምፖስት አዘጋጅታችሁ ምርታችሁን አሳድጋችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚህ ምርት ውስጥ ለሕፃኑ ስለሚደርሰው ነው። ጎተራው ሞልቶ ልጅ የሚቀነጭርበት ቤት አለና።

መቀንጨር ማለት ልጅ በዕድሜው ሊኖረው ከሚገባው ቁመት በጣም ማነስ ነው። ጉዳቱ በቁመት ብቻ አይቀርም፤ የአእምሮ እድገትንና ትምህርት የመቀበል አቅምንም ይነካል። ቡቃያ በወቅቱ ውኃ ካጣ በኋላ ቢዘንብለትም እንደማያገግመው ሁሉ፣ ከእርግዝና እስከ 2 ዓመት የተጎዳውን ልጅ በኋላ ማካካስ ከባድ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጣው ለዚህ ነው።

መቼ ይጀመር? እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውኃም አያስፈልግም። 6 ወር ሲሞላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። ጡት ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ምን ይሰጠው? ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ገንፎው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ይሁን። ለዱቄቱ ሦስት እጅ እህል፣ ማለትም ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ማሽላ፣ እና አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ማለትም ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አተር፣ ተለቅሞና ተቆልቶ ይፈጭ። የሻገተ እህል ለልጅ አይሆንም። ገንፎው ላይ የተፈጨ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ ወይም ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ እንዲሁም ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመር። እንቁላል በደንብ ተቀቅሎ ይፈርፈርበት። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም።

ምን ያህል? በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ 3 እስከ 4 ጊዜ ይመገብ። የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ምን ያህል እንደበላ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ምግቡን የሚያዘጋጅም የሚያጎርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በብዙ ቤት እንቁላሉ ተጠራቅሞ ገበያ ይወጣል፤ ልጁ ደረቅ እንጀራ ይዞ ይቀራል። በየሁለት ቀኑ አንድ እንቁላል ቢበላ በወር ከ15 ወይም 16 አይበልጥም። አባቶች፣ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደሚቀር በአብዛኛው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ለዘር የሚሆነውን ቀድማችሁ እንደምታስቀምጡ፣ የልጁንም ድርሻ ከገበያው በፊት አስቀምጡ።

በጾም ወራትም እንዲሁ ነው። ዕቃ ይነካካል በማለት የሕፃኑ ወተትና እንቁላል የሚቋረጥበት ቤት አለ። ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም፤ የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ለልጁ ለብቻው አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ ከተለየለት ችግሩ ይፈታል።

ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር አድርጉ፦

1. ለልጁ የሚሆን ዱቄት ለብቻው አስፈጩ።
2. ከጓሮው አንድ መደብ ለጎመንና ለካሮት ለዩ።
3. ከዶሮዎቻችሁ አንዷን «የልጁ ዶሮ» ብላችሁ ሰይሙ፤ የእሷ እንቁላል አይሸጥም።

ልጁ ካልበላ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ። ጎረቤት ማሳችሁን አይቶ እንደተማረ፣ የልጃችሁንም ሳህን አይቶ ይማር።