ከደመወዝ መዝገብ ውጭ፦ የኩባንያ ሥራን ከተዉ በኋላ በባዕድ አገር የራስን ግብር ማስተዳደር

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



አዘጋጆቹ ስለ ግብር እንድናገር ሲጋብዙኝ የጠበቁት ስለ ፖሊሲ እንደምናገር ይመስለኛል። እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው የራሴን ስሕተት ነው። በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ኩባንያ የፋይናንስ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሌሎችን ሒሳብ መመርመር ነበር። ሥራውን ትቼ በግል አማካሪነት ተሰማራሁ። የመጀመሪያው ዓመት አልፎ የግብር ማስታወቂያዬን ለመሙላት ስቀመጥ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ እንዳለብኝ ተረዳሁ። በባንክ የነበረኝ ገንዘብ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር በእኛ ቋንቋ «ዕዳ ከሜዳ» እንለዋለን። የንግግሬ ፍሬ ነገር ግን ያ ዕዳ ከሜዳ አልመጣም የሚል ነው። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ሌላ ሰው እየቆረጠ ስለሚከፍልልኝ አላየሁትም ነበር።

ይህ አለማየት ታሪክ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1943 ድረስ አብዛኛው ግብር ከፋይ የአንዱን ዓመት ግብር በተከታዩ ዓመት በራሱ እጅ ይከፍል ነበር። በዚያ ዓመት፣ በጦርነቱ መካከል፣ አሠሪዎች ግብሩን ከደመወዝ ላይ ቀንሰው እንዲያስቀሩ በሕግ ተደነገገ። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሚልተን ፍሪድማን በወጣትነቱ በአሜሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ በዚህ ሥርዓት ዝግጅት ተሳትፏል። በስተርጅናው ግን ሥርዓቱ ለመንግሥት መግዘፍ መንገድ ጠርጓል በማለት ተጸጽቶበታል። እኔ በፍሪድማን መደምደሚያ አልስማማም። ቀንሶ ማስቀረት ለመንግሥትም ለሠራተኛም ይበጃል። ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን አልክድም፤ ዋጋውም አለማወቅ ነው። እኛም ዘንድ «ደመወዝህ ስንት ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው እጁ ላይ የሚደርሰውን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። በአሜሪካ ተቀጣሪ የሆነ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደመወዙ 7.65 በመቶ ይቀነስበታል፤ አሠሪው ያንኑ ያህል ይጨምራል። በግሉ የሚሠራ ሰው አሠሪም ሠራተኛም ስለሆነ ሁለቱንም፣ ማለትም 15.3 በመቶውን፣ ብቻውን ይከፍላል። ስሌቱ የሚያርፈው በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ለምሳሌ ወጪው ተቀንሶ 60,000 ዶላር የተረፈው አማካሪ 55,410 ዶላር በ15.3 በመቶ ተባዝቶ 8,478 ዶላር ገደማ ይደርስበታል። የዚህ መዋጮ ግማሽ የገቢ ግብሩ ሲሰላ ተቀናሽ ይሆንለታል፤ ነገር ግን የገቢ ግብሩ ራሱ ገና አልተነካም። የግዛቱም ግብር አለ።

ሁለተኛው የማላውቀው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነበር። ግብር የሚከፈለው በዓመቱ መጨረሻ ይመስለኝ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ገቢው ሲገኝ እንዲከፈል ነው። ስለዚህ በግሉ የሚሠራ ሰው በግምት የተሰላ ቅድመ ግብር በዓመት አራት ጊዜ ይከፍላል፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በተከታዩ ዓመት ጃንዋሪ 15። ገቢው አስቀድሞ የማይታወቅ ሰው ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ግብር ለአራት ከፍሎ በወቅቱ ከከፈለ ከቅድመ ግብር ቅጣት ይድናል፤ ያለፈው ዓመት የተስተካከለ ገቢው ከ150,000 ዶላር ከበለጠ 110 በመቶውን መክፈል አለበት። እኔ አራቱንም ቀናት አሳልፌ ነበር።

በዚያ ጭንቀት ላይ ሳለሁ አንድ ወዳጄ «ገንዘቡ እስኪሞላልህ ድረስ ቅጹን ያዝ አድርገው» አለኝ። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነበር፤ ብሰማው ግን ብዙ ያስከፍለኝ ነበር። ማስታወቂያውን በወቅቱ ያላቀረበ ሰው ካልተከፈለው ግብር በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል። አቅርቦ መክፈል ያልቻለው ግን ከወለዱ ሌላ የሚጨመርበት በወር ግማሽ በመቶ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው ይበልጥ ቀኑን ሊያከብር ይገባዋል። ቅጹን በቀኑ አስገባሁ፤ ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል ተዋዋልሁ፤ ከፍዬ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ ሦስተኛው ጉዳይ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ለዕረፍት አዲስ አበባ በመጣሁበት ወቅት፣ እናቴ በባንክ ሒሳቧ ላይ የመፈረም ሥልጣን ሰጥታኝ ነበር። ቤቱ ሲሸጥ ገንዘቡ እዚያው ገባ። አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሕግ ዜጋም ሆነ ነዋሪ የሆነ ሰው፣ በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ «ኤፍባር» የሚባለውን መግለጫ በየዓመቱ ያቀርባል። ገንዘቡ የእርሱ ባይሆንም የመፈረም ሥልጣኑ ብቻ ግዴታውን ያመጣል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቢትነር ጉዳይ፣ ሆን ተብሎ ላልተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱ በየመግለጫው እንጂ በየሒሳቡ እንዳይቆጠር በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። መንግሥት ሲጠይቅ የነበረው 2.72 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ውሳኔው ወደ 50,000 አወረደው።

የእያንዳንዱን ዓመት ከፍተኛ ቀሪ ሒሳብ ማወቅ ስለነበረብኝ የባንክ መግለጫዎቹን እንድትልክልኝ እህቴን ጠየቅኋት። «የእናታችንን ገንዘብ ለአሜሪካ መንግሥት ልታስመዘግብ ነው?» አለችኝ። ማሳወቅ ግብር መክፈል እንዳልሆነ አስረዳኋት፤ እርሷ የሰማችው ግን ጥርጣሬን ነበር። መግለጫዎቹ ከሦስት ወር በኋላ ደረሱኝ፤ አብሮአቸው አንድም ቃል አልነበረም። ያልቀረቡትን ዓመታት ከምክንያቱ ጋር አቀረብሁ፤ ያልታወቀ ገቢ ስላልነበረ ቅጣት አልተጣለብኝም። በእህቴና በእኔ መካከል የገባውን ቅዝቃዜ የሚያስተካክል ቅጽ ግን አላገኘሁም። ያን ቀን ባንኩ ውስጥ ከመፈረሜ በፊት አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

አገሬ ተመልሼ ከእናንተ ጋር ሳስተምርም ጉዳዩ አላበቃም። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ገቢውን ያሳውቃል። በውጭ አገር ሠርቶ የተገኘ ገቢ እስከ ተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በ2024 እስከ 126,500 ዶላር፣ ከገቢ ግብር ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ነጻነቱ ግን የሚገኘው ቅጹን ሞልቶ ለጠየቀ ነው። በግል ሥራ ላይ የሚጣለውን 15.3 በመቶ ደግሞ አይነካም። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የተደራራቢ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት ስለሌለ፣ እዚህ የተከፈለ የገቢ ግብር እንዲታሰብለት የሚፈልግ ሰው ደረሰኙን ጠብቆ መያዝ አለበት።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ የስደተኛ ታሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። ከእናንተ መካከል ከዚህ ሳይወጡ ለውጭ ደንበኛ በኮምፒውተር የሚሠሩ አሉ። የሚከፍላችሁ ሰው ግብር ቀንሶ አያስቀርላችሁም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ግን የኢትዮጵያ ነዋሪ በዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ግብር ከፋይ ነው።

ከዚያ ስሕተት በኋላ የያዝሁት ልማድ ቀላል ነው። ከግል ሥራ ክፍያ በገባ ቁጥር፣ በዚያው ቀን፣ ሲሶውን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውራለሁ። በማስታወሻ ደብተሬ ያንን ሒሳብ «የእኔ ያልሆነ» ብዬ ጽፌዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የደመወዝ ክፍል ሲሠራልኝ የኖረውን ሥራ አሁን እኔው እሠራዋለሁ።

 ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።