ሚዛኑ ሲወርድ ደማችንስ?
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል ክብደቴ 84 ኪሎ ደርሶ ነበር። አምና ቁርስና እራት ትቼ፣ በቡና እየዋልኩ፣ በ3 ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ያየኝ ሁሉ «አማረብሽ» አለኝ። ዓመታዊ ሒሳብ ስንዘጋ ግን ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ፀጉሬም ይረግፍ ጀመር። ስመረመር የብረት እጥረት ተገኘብኝ።

ብረት የሚያንሳት የከሳች ሴት ብቻ ትመስለኝ ነበር። ለካ ውፍረትም ብረት ያሳጣል። ትርፍ ስብ በሰውነት ውስጥ ቀላል ግን የማያቋርጥ መቆጣት ያስከትላል፤ ያኔ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያበዛል። ሄፕሲዲን እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ሲበዛ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዳል። ክብደት በአግባቡ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ሄፕሲዲንም ይቀንሳል፣ በሩ ይከፈታል። ችግሩ የእኔ ዓይነቱ አቀናነስ ነው፤ በሩ ቢከፈትም የሚገባ ምግብ የለም። በወር አበባ የሚወጣው ግን አይቆምም።

ምርመራውን በሙያዬ ቋንቋ ላስረዳ። ሂሞግሎቢን በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ፌሪቲን ባንክ ያለው ቁጠባ። ጥሬው ሳይጎድል ቁጠባው ሊያልቅ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ መቆጣት ካለ ፌሪቲን ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል፤ የሌለ ገንዘብ ደብተር ላይ እንደማየት ነው። ለገዳዲ ደግሞ ደጋ ናት። ሂሞግሎቢን ሲነበብ ከፍታው ይታሰባል፤ ለቆላ ሰው የሚበቃው ቁጥር ለእኛ ሊያንስ ይችላል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገራችን ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው።

«ጤፍ እየበላን?» ትሉኝ ይሆናል። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አብሮት ስላለ ሰውነታችን በቀላሉ አያገኘውም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ከሽሮና ከምስር ጋር ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ይረዳል። ቡናና ሻይ ከምግብ ይራቁ (ይህ ከ11ዱ ኪሎ ይልቅ ከብዶኛል)። የብረት ክኒን ግን ያለ ምርመራ አትጀምሩ።

በየወሩ የምንመዘነው 14 ነን። ከመጠባበቂያ ገንዘባችን የሁላችንም የሂሞግሎቢንና የፌሪቲን ምርመራ እንዲከፈል ሐሳብ አቀርባለሁ። ዋጋውን ከ3 ላቦራቶሪዎች ጠይቄ ሰንጠረዡን ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ።