የበቆሎው የሥጋት ግምገማ በገበሬው ማሳ ልክ ይሠራ
በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር



ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው የፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤት ገብቶ የተጠበሰ ዓሣ የሚያዝ ሰው፣ ዘይቱ ከምን ዓይነት በቆሎ ወይም አኩሪ አተር እንደተጨመቀ አይነገረውም። በአሜሪካ ከሚዘራው በቆሎ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ልውጠ ሕያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው የፌዴራል የምልክት ደንብም ምግብ ቤቶችን አይመለከትም። ስለዚህም የኢትዮጵያ ደኅንነተ ሕይወት በተነሣ ቁጥር «እዚህ ስንበላው የኖርነውን እዚያ ስለ ምን እንፈራዋለን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

መልሱ የሚገኘው ከማዕዱ ሳይሆን ከማሳው ነው። የኢትዮጵያ የፌዴራል የአካባቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሕንድ የመጡ ሁለት ልውጠ ሕያው የጥጥ ዝርያዎች ለገበያ እንዲመረቱ ፈቀደ፤ ድርቅንና ተባይን እንዲቋቋም የተዘጋጀ በቆሎም በታጠረ የሙከራ ማሳ እንዲፈተሽ ፈቃድ ሰጠ። በበቆሎው ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል አለ፤ ተክሉ ራሱ አገዳ ቆርቁርን የሚገድል ፕሮቲን ያመርታል።

አንድ ነገር በቅንነት መነገር አለበት። በቆሎ ከሜክሲኮ የመጣ እህል ስለሆነ በኢትዮጵያ የዱር ዘመድ የለውም፤ ዘረመሉ ወደ ዱር ዕፅዋት ይሸሻል የሚለው ሥጋት ለማሽላ ቢነሣ ክብደት ይኖረው ነበር፣ ለበቆሎ ግን አይሠራም። ይህን ሳይለይ የሚጮህ ተሟጋች ጉዳዩን ይጎዳል።

እውነተኛው ሥጋት ሌላ ነው። የበቆሎ የአበባ ብናኝ በነፋስ ይጓዛል። የሙከራ ጣቢያ አጥርና ርቀት አለው፤ የገበሬው ማሳ ግን ከጎረቤቱ የሚለየው በቀጭን ድንበር ብቻ ነው። ዲቃላ ምርጥ ዘር የሚገዛው ገበሬ ቢበዛም፣ ካመረተው መርጦ ለከርሞ የሚያስቀምጠው፣ ከዘመድ ከወዳጅ የሚለዋወጠውም ጥቂት አይደለም። ዘረመሉ ባልገዛው ሰው ጎተራ ቢገኝ ማን ያውቃል? ማንስ ይጠየቃል?

ሁለተኛው ሥጋት ትሉ ራሱ ነው። በደቡብ አፍሪካ ይኸው ዓይነት ዘረመል ያለው በቆሎ መዘራት ከጀመረ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቡሴዮላ ፉስካ የተባለው አገዳ ቆርቁር ፕሮቲኑን መላመዱ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ተዘገበ። ይህ ትል ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በቆሎውንና ማሽላውን ሲበላበት የኖረ ጠላቱ ነው። መላመድን ለማዘግየት የታሰበው ዘዴ ከማሳው ከፊሉን በተራ በቆሎ መዝራት፣ ማለትም ለትሉ መጠለያ መተው ነው። በሺህ ሄክታር የሚያርሱ የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች እንኳ ብዙዎቹ ይህን ደንብ አልጠበቁም። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው የጎጃም ወይም የወለጋ ገበሬ ከማሳው ከፊሉን ለትል ይተዋል ብሎ ማሰብ ገበሬውን አለማወቅ ነው።

ቡርኪና ፋሶም ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰፊው የጀመረችውን ልውጠ ሕያው ጥጥ በ2016 ያቆመችው ትሉን ስላልገደለ አልነበረም፤ የጥጡ ጭረት አጥሮ በገበያ ዋጋ ስላጣ ነው። የሥጋት ግምገማው ያልጠየቀው ጥያቄ ገበሬውን አስከፈለው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። የካርታኼና ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጸድቅ የአፍሪካን ቡድን በዋና ተደራዳሪነት የመሩት እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ፕሮቶኮሉ የሥጋት ግምገማ በሳይንስ የተደገፈና ግልጽ እንዲሆን፣ የዕውቀት ማነስም ሥጋት እንደሌለ ተደርጎ እንዳይቆጠር ይደነግጋል፤ መንግሥታት በየሕጎቻቸው መሠረት ሕዝብን እንዲያማክሩና የውሳኔውን ውጤት እንዲያሳውቁም ያዛል። አዋጅ ቁጥር 655/2001 በዚህ መንፈስ የወጣ ጥብቅ ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አዋጅ ቁጥር 896 ሲያሻሽለው ለተመራማሪዎች በሩ ሰፋ። ለምርምር በር መክፈት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ለተመራማሪው የሰፋው በር ለገበሬው ሲጠብ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው እገዳ አይደለም። ማንኛውም ልውጠ ሕያው በቆሎ ለገበሬ ከመከፋፈሉ በፊት የሥጋት ግምገማው መዝገብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይታተም፤ በየወረዳው በልማት ሠራተኞች አማካይነት ይነበብ። አገዳ ቆርቁሩ ዛሬ ለፕሮቲኑ ያለው ተጋላጭነት አስቀድሞ ይለካ፤ መነሻው ካልታወቀ መላመዱ መቼ እንደጀመረ ማንም ሊናገር አይችልም። የመጠለያው ደንብ በትንሽ ማሳ ልክ እንደገና ይታሰብ፤ ዘሩ ለተበከለበት ገበሬ ካሣ የሚከፍለውም አካል በፈቃዱ ላይ በስም ይጻፍ።

በዚህ ጎዳና ከሚሰበሰቡት መካከል የግብርና ባለሙያዎች፣ የሕግ ሰዎችና ተርጓሚዎች አይጠፉም። መዝገቡ ሲወጣ ቴክኒካዊውን ቋንቋ ገበሬ ወደሚሰማው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ መመለስ የእነርሱ እጅ የሚችለው ሥራ ነው፤ ካልወጣም እንዲወጣ በፊርማቸው መጠየቅ ይችላሉ።